ፒስ ኮሮቹ፣ ደመራውና እኛ

እስኪ አንድ ጥያቄ እናንሳ። ከቤተሰባችሁ እምነትና ካደጋችሁበት ሰፈር ውጪ ያለ በዓል፣ በአካል ተገኝታችሁ፣ እንግዳ ሆናችሁ ስንት ጊዜ አክብራችኋል? በቴሌቪዥን ያያችሁት አይቆጠርም። ፌስቡክ ላይ «እንኳን አደረሳችሁ» ያላችሁትም አይቆጠርም። ቁጭ ብላችሁ የበላችሁበት፣ «ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» ብላችሁ የጠየቃችሁበት ብቻ ነው የሚቆጠረው። አብዛኞቻችን ሁለት ወይም ሦስት ላይ እንቆማለን።

ይሄን ጥያቄ ያመጣብን የፈረንጅ ልጆች ታሪክ ነው። ነገሩ የሆነው ግን እዚሁ አገራችን፣ ግማሹም በሰፈራችን በኩል በሚያልፈው መንገድ ላይ ነው።

በአደይ አበባ ሰሞን የደረሱት

ፕሬዚዳንት ጆን ኬኔዲ ፒስ ኮርን ያቋቋሙት እ.ኤ.አ. በማርች 1961 ነው። ሐሳቡ ቀላል ነበር፤ ወጣት አሜሪካውያን ሁለት ዓመት በሰው አገር እየኖሩ ያገልግሉ የሚል። ከዓመት ከመንፈቅ በኋላ፣ በ1955 ዓ.ም. መባቻ ሰሞን፣ ወደ 280 የሚጠጉ በጎ ፈቃደኞች አዲስ አበባ ገቡ። መሪያቸው ሃሪስ ዎፎርድ ይባላል። የኬኔዲ የሲቪል መብት ጉዳዮች አማካሪ የነበረ፣ ከማርቲን ሉተር ኪንግ ጋርም የሠራ፣ በኋላ የፔንሲልቬኒያ ሴናተር የሆነ ሰው ነው። ልጆቹ ክረምቱን ዋሽንግተን በሚገኘው ጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲ ሲሠለጥኑና አማርኛ ሲሞካክሩ ከርመዋል። አብዛኞቹ ገና ከኮሌጅ የወጡ፣ በእድሜ እኛን የሚያክሉ ነበሩ። ዋና ሥራቸው በየጠቅላይ ግዛቱ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ማስተማር ነበር። ከመካከላቸው በኋላ ስማቸው የገነነ አለ። ወሊሶ ያስተማረው ፖል ሶንጋስ ሴናተር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1992 ለፕሬዚዳንትነት ዕጩ ለመሆን ከቢል ክሊንተን ጋር ተፎካክሯል።

እንግዲህ አስቡት። መጀመሪያ የተምታታባቸው ዘመኑ ነው። 1962 ብለው ተነስተው 1955 ብሎ የሚጀምር አገር ገቡ። ወሩ አሥራ ሦስት ነው። ሰዓቱ የሚቆጠረው ፀሐይ ስትወጣ ጀምሮ ነው፤ «ሁለት ሰዓት ላይ ክፍል ግባ» የተባለ ሰው በአገሩ አቆጣጠር ከሄደ ቀትር አልፎ ይደርሳል። ይሄን ሳይለምዱት መስቀል ደረሰ።

ክረምቱ ወጥቶ ሜዳው ቢጫ ለብሷል። መስከረም 16 ቀን ሰዉ ችቦውን ይዞ ይወጣል፤ ደመራው ይለኮሳል፤ ወዴት እንደወደቀ ታይቶ ስለ መጪው ዓመት ይወራል። ለእኛ ይሄ ማብራሪያ የሚያስፈልገው ነገር አይደለም። ችግሩ እዚያ ላይ ነው። ማብራሪያ የማያስፈልገንን ነገር ማብራራት አንችልም። «አበባውን ለምን ታስሩበታላችሁ?» ብሎ ለሚጠይቅ የውጭ አገር መምህር መልስ መፈለግ የነበረበት ግን የአሥራ አምስት ዓመቱ ተማሪ ነው። ጠዋት እንግሊዝኛ ያስተማረ ሰው ማታ ደመራው ጋ ተማሪ ይሆናል። ተማሪውም መምህር ይሆናል፤ ለማስተማር ሲልም ቤት ገብቶ አያቱን ይጠይቃል።

ወደ ደሴ የተመደቡት በእኛው አቅጣጫ ነው ከከተማ የወጡት። ያኔ አያት የሪል እስቴት ቪላም፣ ኮንዶሚኒየምም፣ በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የቀላል ባቡር መነሻም አልነበረበትም፤ የገበሬ ማሳ ነው። መንገዱ በኮተቤ ወጥቶ፣ በለገጣፎና በሰንዳፋ አድርጎ ደብረ ብርሃን ይገባል። ቀጥሎ ጣርማ በር አለ፤ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ጣሊያኖች የሠሩት ዋሻ። ዋሻውን ሲወጡ አገሩ ከእግር ሥር ይከፈታል። ከዚያ ቁልቁል ደብረ ሲና፣ ከዚያ የሸዋ ሮቢት ሙቀት። ጋቢ የሚያስደርብና ሸሚዝ የሚያስወልቅ አገር በግማሽ ቀን መንገድ ውስጥ ነው ያለው።

ደሴ ሲደርሱ ደግሞ ወሎ አለ። መስከረም 21 ቀን ምዕመኑ የመስቀል ቅርጽ አለው ወደሚባለው የግሸን አምባ ይጎርፋል። መውሊድ ሲሆን ደግሞ ሌላው ሕዝብ ወደ ጀማ ንጉሥ ይጓዛል፤ መንዙማው ያድራል። በአንድ ቤተሰብ ውስጥ ሙስሊምና ክርስቲያን ወንድማማች መኖሩ ለወሎዬ ወሬ አይደለም። ሁሉም ሰው በየራሱ ደጅ ይቀራል ብሎ ላደገ የውጭ ልጅ ግን ትልቅ ትምህርት ነው።

ሁሉም ነገር በዓል አልነበረም። አስመራ የተመደቡት የደረሱት በፌዴሬሽን ዘመን ነው። ሁለት ወር ገደማ ቆይቶ፣ ኅዳር 5 ቀን 1955 ዓ.ም. ፌዴሬሽኑ ፈረሰ፤ ኤርትራም ጠቅላይ ግዛት ተባለች። በሰው አገር የሚኖር እንግዳ የደስታውን ቀን ብቻ መርጦ አያይም።

ለካህኑ ያልተዋጠለት ጥምቀት

በዓላችንን ያዩ የውጭ ሰዎች ፒስ ኮሮቹ የመጀመሪያዎቹ አይደሉም። ከእነሱ አራት መቶ ዓመት በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ1520፣ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ የተባለ ፖርቱጋላዊ ካህን ከአገሩ መልእክተኞች ጋር መጥቶ ስድስት ዓመት ኖሯል። በአፄ ልብነ ድንግል ሰፈር ጥምቀት ሲከበር፣ ገንዳው ተዘጋጅቶ ሕዝቡ ውሃው ውስጥ ሲገባ በዓይኑ አይቷል። አልተዋጠለትም። ሰው የሚጠመቀው አንዴ ነው ብሎ ነቀፈው። የእኛ ቤተ ክርስቲያን ዛሬ ለዚህ ያላት መልስ አጭር ነው፤ መታሰቢያ እንጂ ዳግም ጥምቀት አይደለም።

አልቫሬዝ ከአገሩ ይዞት የመጣውን መለኪያ አልጣለም። ይሁን እንጂ ስድስት ዓመት ስለቆየ ከነነቀፌታው ብዙ አይቷል፣ ብዙ ጽፏል። የላሊበላን አብያተ ክርስቲያናት ለአውሮፓ የገለጸው እሱ ነው፤ ሰው አያምነኝም ብሎ እስኪሰጋ ድረስ። ስለዚያ ዘመን በዓላችን ስንጠየቅ ዛሬም የምንገልጠው የእሱን መጽሐፍ ነው።

ከዚህ የምንወስደው አንድ ነገር አለ። ቁም ነገሩ ቆይታው ነው። ፒስ ኮሮቹ ሁለት ዓመት ስለሚቆዩ እያንዳንዱን በዓል ሁለት ሁለት ጊዜ ያገኙታል። የመጀመሪያው ዓመት በዓል ትርኢት ነው፤ ካሜራ ያስነሳል። በሁለተኛው ዓመት ግን ባለፈው አብረውህ የበሉት ሰዎች «የት ጠፋህ?» ይላሉ። ማን ቤት ሐዘን እንዳለና ዘንድሮ ማን እንደማይዘፍን ታውቃለህ። ቱሪስት የመጀመሪያውን ዓመት ብቻ ነው የሚያየው።

ከበዓሉም ሌላ ሥራው ራሱ ወደማይደረስበት አገር የወሰዳቸው ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1971 የፈንጣጣ ማጥፋት ዘመቻ ሲጀመር አገራችን በዚያ አንድ ዓመት ብቻ ከ26 ሺህ በላይ ሕመምተኛ መዝግባለች። የፒስ ኮር ልጆች ከኢትዮጵያውያን የጤና ሠራተኞች ጋር ሆነው በእግርና በበቅሎ ተራራ ወጥተዋል፣ በረሃ ወርደዋል። በየአካባቢው በባህላዊ መንገድ የሚከትቡ ሰዎች ስለነበሩም መርፌ ይዞ የመጣ እንግዳ ሁሉ እጁን ዘርግቶ የሚቀበለው አላገኘም። ማሳመን ነበረበት። ለማሳመን ደግሞ መጀመሪያ ቡና መጠጣት አለበት። የአገራችን የመጨረሻው ሕመምተኛ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1976 ነው።

ታዲያ ሁሉም ወዷቸዋል ማለት አይደለም። በ1950ዎቹ መጨረሻና በ1960ዎቹ መጀመሪያ የእኛ ተማሪዎች አንድ ጥያቄ ጠየቁ፤ አስመራ ላይ የቃኘው የጦር ጣቢያ ያለው፣ ቬትናም ላይ ቦምብ የሚጥለው መንግሥት የላከው መምህር ምን ሊያስተምረን ነው? ጥያቄው ተገቢ ነበር። አንድ ልጅ ከልቡ ሊያገለግል ይመጣል፤ የላከው መንግሥት ግን የራሱ ሒሳብ አለው። ሁለቱም እውነት ነው። ፒስ ኮር እ.ኤ.አ. በ1977 ወጣ። በ1995 ተመለሰ፣ በኤርትራ ጦርነት ጊዜ ወጣ፣ በ2007 ዳግም ገባ፣ በ2020 ደግሞ ኮሮና ከየአገሩ ሲያስወጣቸው ከእኛም ወጡ።

በገዛ አገር እንግዳ

አሁን ወደ ራሳችን እንምጣ። ፒስ ኮሮቹ በገቡ በሁለተኛው ዓመት፣ በ1957 ዓ.ም.፣ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት የተባለውን ፕሮግራም ጀመረ። ተማሪው ከመመረቁ በፊት አንድ ዓመት ክፍለ ሀገር ሄዶ ያገለግላል፤ አብዛኛው ያስተምራል። ስድስት ኪሎ «መሬት ለአራሹ» ሲል የነበረው ልጅ አራሹን በአካል ያገኘው በዚህ መንገድ ነው። እንደ ፒስ ኮሩ ልጅ ሁሉ እሱም የማያውቀው ቋንቋ፣ የማያውቀው ጾም፣ የማያውቀው በዓል ጠበቀው። ልዩነቱ እሱ ፓስፖርት አላወጣም። የገዛ አገሩ ነው።

ቀጥሎ የመጣው በስፋቱ ወደር የለውም። ታኅሣሥ 12 ቀን 1967 ዓ.ም. የእድገት በኅብረት የእውቀትና የሥራ ዘመቻ ተጀመረ። ወደ 60 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ተበተኑ። ግዴታ ስለነበር በጎ ፈቃድ ልንለው ይከብዳል። ማንበብና መጻፍ ያስተማሩ፣ ገበሬውን በማኅበር ያደራጁ፣ ጉድጓድ የቆፈሩ አሉ። ሕይወታቸውን ያጡም አሉ።

ነገር ግን ዘማቹ የሄደው ለውጥ ይዤ መጣሁ ብሎ ነው። አንትሮፖሎጂስቱ ዶናልድ ዶንሃም እ.ኤ.አ. በ1999 ባሳተመው መጽሐፍ በደቡብ በማሌ ሕዝብ ዘንድ የሆነውን ጽፏል። ለማሌዎች ባህላዊው ንጉሥ የዝናቡና የምድሩ ልምላሜ ጉዳይ ነበር፤ ለዘማቾቹ ግን የፊውዳል ቅሪት ነው። ሥርዓቱ ፈረሰ። ስለ ማሌ ንጉሥ የመሰላችሁን ማሰብ ትችላላችሁ። እኛን ያስገረመን ግን ሌላ ነው። የአፄውን ባላባት ከማሌው ሥርዓት ለይቶ ለማየት ጊዜ ያስፈልግ ነበር፤ ዘመቻው ያንን ጊዜ አልሰጠም። አልቫሬዝ በገንዳው ዳር ቆሞ ያደረገውን የእኛው ልጆች በገዛ አገራቸው ደገሙት። ይዘውት የሄዱት መለኪያ ብቻ ተቀየረ፤ እሱ ካቴኪዝም፣ እነሱ ማርክሲዝም።

ታዲያ እኛስ?

ለእኛ ትውልድ ከዚህ ታሪክ የሚተርፈው ምንድን ነው? በዓሎቻችን በዓለም መዝገብ ሰፍረዋል። መስቀል እ.ኤ.አ. በ2013፣ የሲዳማው ፍቼ ጨምበላላ በ2015፣ ጥምቀት በ2019፣ የሐረሩ ሸዋል ኢድ በ2023 በዩኔስኮ ተመዘገቡ። እንኮራለን። ከመካከላችን ግን ሸዋል ኢድ ከረመዳን ቀጥለው የሚጾሙት ስድስት ቀናት ሲያበቁ የሚከበር መሆኑን ስንቱ ያውቃል? ኢሬቻ የሚከበርበት የሆራ ሐይቅ ቢሾፍቱ ነው ያለው፤ ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ እዚሁ አዲስ አበባም ይከበራል። ሩቅ ነው አይባልም።

መንገዱ ቀላል ነው ብለን አንዋሽም። ያ ፒስ ኮሮቹ ያለፉበት የደሴ መንገድ በ2014 ዓ.ም. የጦርነት መንገድ ሆኖ ነበር፤ ውጊያው ሸዋ ሮቢት ደርሷል። ከዚያም ወዲህ መንገደኛ ልብ ብሎ የማይጓዝባቸው መስመሮች ብዙ ናቸው። የሰላም ሚኒስቴር ከጥቂት ዓመታት በፊት ወጣት ምሩቃንን ከክልላቸው ውጪ የሚልክ የበጎ ፈቃድ ፕሮግራም ጀምሯል፤ ሐሳቡን እንወደዋለን። ግን የማያውቀው አገር ለመሄድ የሚፈራ ልጅ አለ፤ ፍርሃቱም መሠረተ ቢስ አይደለም። ይሄ ነው የሚያሳስበን። የእኛ እድሜ ሰው ስለ ሌላው ብሔርና ስለ ሌላው እምነት የሚሰማው ሁሉ ከስልኩ የሚመጣ ከሆነ፣ የሚያውቀው ሌላውን ሲቆጣ ብቻ ነው። ሲያከብር፣ ሲስቅ፣ እንግዳ ሲጋብዝ አያየውም። በዓል ሰው ራሱን ወድዶ የሚያሳይበት ቀን ነው። ያንን ቀን ያላየንበትን ሕዝብ እናውቀዋለን ማለት አንችልም።

መንገዱ እስኪከፈት ግን እጅ አጣጥፎ መቀመጥ የለም። አያት ኮንዶሚኒየም ውስጥ አንድ ደረጃ ላይ ስንት አገር እንዳለ ታውቃላችሁ። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ለመስቀል ክትፎ የሚያዘጋጁ ጉራጌ እናት አሉ፤ አራተኛው ላይ በረመዳን ማታ ማታ የሳምቡሳ ሽታ አለ፤ ከታች ጊፋታ ሲደርስ ወላይታ ዘመዶቻቸው የሚሰበሰቡባቸው ጋሼ አሉ። በአበባ ወቅት ከዋሽንግተን የመጡት ልጆች ሁለት ዓመት የፈጀባቸውን ነገር እኛ በሊፍት አልባው ደረጃ ላይ እየወጣንና እየወረድን ልንማረው እንችላለን። ከእነሱ የምንዋሰው ዘዴም ከባድ አይደለም። በበዓሉ ቀን ብቻ አትሂዱ። በዋዜማው ሂዱና ሽንኩርት ክተፉ፣ ውሃ ቅዱ፣ ወንበር ተሸከሙ። ጠይቁ እንጂ አትፍረዱ።

በሚቀጥለው ዓመትም ተመለሱ።