ፉርኖ፦ የአንዲት ጋጋሪ እናት ዝክር

በአማን ከተማ ወደ ሱቅ የተላከ ልጅ «አንድ ኪሎ ፉርኖ» ብሎ ሲጠይቅ ባለሱቁ ነጭ የስንዴ ዱቄት መዝኖ ይሰጠዋል። ከጠያቂውም ከመዛኙም ቃሉን የሚመረምር የለም። ፉርኖ በኢጣሊያኖች ቋንቋ ምድጃ፣ የዳቦ መጋገሪያ እቶን ማለት ነው። እቶኑ ከባለቤቶቹ ጋር ባሕር ተሻግሮ መጣ፤ ስሙን ለዳቦውና ለዱቄቱ አወረሰ፤ እርሱ ራሱ ግን ከቃሉ ትርጉም ወጥቶ ተረሳ። መኮሮኒ፣ ሳልሳ፣ ብስኩት፣ ቦምቦሊኖ የምንላቸውም በዚያው መንገድ የገቡ ናቸው። ዕቃውና ምግቡ ስሙን ይዞ ሲኖር ሊጡን ያቦኩት እጆች ግን ስም አልተረፈላቸውም። ይህ ጸሐፊ ከእነዚያ እጆች መካከል የሁለቱን ታሪክ ከእናቱ አፍ ሰምቷል።

እናቴ በ1950ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ፣ ገና የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ሳለች፣ ጅማ ከተማ ውስጥ አንዲት ኢጣሊያዊት በምታስተዳድረው ትንሽ ዳቦ ቤት በረዳትነት ተቀጥራ ሠርታለች። የሰፈሩ ሰው ሴትዮዋን «ሲኞራ» ይላቸው ነበር፤ እኔም ከዚያ ሌላ ስም አልሰጣቸውም። ሲኞራ በ1930 ዓ.ም. ግንበኛ ባላቸውን ተከትለው፣ አንድ ልጅ ታቅፈውና ሁለተኛውን በሆዳቸው ይዘው የመጡ ሴት ነበሩ።

የመጡበትን ዘመን ማስታወስ ግድ ነው። ፋሽስት ኢጣሊያ በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባን ከያዘች በኋላ ደቡብ ምዕራቡን አንድ ጠቅላይ ግዛት አድርጋ ጅማን ርእሰ ከተማ አደረገቻት። ራስ እምሩ የመጨረሻውን የምዕራብ ጦር ይዘው ሲዋጉ ቆይተው በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. ጎጀብ ወንዝ አጠገብ ተማረኩ። ከሁለት ወር ያህል በኋላ የየካቲት 12ቱ ጭፍጨፋ ደረሰ። ሮማ ስትፎክርበት የነበረው የሠፈራ ዕቅድ እንግዲህ በዚህ ደም ላይ የተዘረጋ ነበር። ከኢጣሊያ ገበሬና ሠራተኛ እየመጣ አገሩን ይሞላል፤ ኢትዮጵያም ለሠራዊቱና ለሰፋሪው የሚበቃ ስንዴ ታበቅላለች ተብሎ ታሰበ። አልሆነም። አርበኛው ገጠሩን አላስቀምጥ አለ፤ የመጡት ወንዶች እጅግ ብዙ፣ ቤተሰብ ይዘው የመጡት ግን ጥቂት ሆኑ፤ ዱቄትም ከባሕር ማዶ መጫኑ ቀጠለ። ዳቦን ኢጣሊያኖች አስተማሩን የሚሉ ሰዎች ዛሬም አልፎ አልፎ ይሰማሉ። ድፎ ዳቦ፣ ሙልሙል፣ አምባሻ፣ ኅብስት ከማን እንደመጡ ቢጠየቁ መልስ ያጡ ይመስለኛል። አዲስ የነበረው የጡብ እቶኑና ዳቦን በገንዘብ፣ በየማለዳው፣ ለማይታወቅ ሰው መሸጡ ነበር።

የገዢው መንግሥት ዕቅድ ለሴቲቱም ቦታ ሰጥቷት ነበር። የኢጣሊያ ሴት የምትፈለገው ነጭ ልጅ እንድትወልድና ወንዱን ከአገሬው ሴት እንድታርቅ ነው። በሚያዝያ 1929 ዓ.ም. የወጣው ድንጋጌ ከአገሬው ሴት ጋር እንደ ባልና ሚስት የሚኖር ኢጣሊያዊ ከአንድ እስከ አምስት ዓመት እንዲታሰር ያዝዝ ነበር። በ1931 ዓ.ም. የወጣው ሌላ ሕግ ደግሞ ኢጣሊያውያን ለአገሬው ሕዝብ የተለዩ ቤቶችን እንዳያዘወትሩ ከለከለ። የግንቦት 1932ቱ ሕግ ከሁሉም የባሰ ነው። ኢጣሊያዊ አባት ከአገሬው ሴት የወለደውን ልጅ «ልጄ ነው» ብሎ እንዳይቀበልና ስሙን እንዳይሰጠው አገደ። ሕጉ ልጁን ለእናቱ ብቻ ጥሎ ሄደ።

በሲኞራ ዳቦ ቤት ሊጡን የምታቦካው ሴት ከእነዚህ እናቶች አንዷ ነበረች። የጅማ ልጅ ናት። ከአንድ ኢጣሊያዊ መካኒክ ወንድ ልጅ ወልዳለች፤ አባትየው ልጁ ሦስት ዓመት ሳይሞላው ጠፍቷል። ሸሽቶ ይሁን ተማርኮ፣ ሞቶ ይሁን ወደ አገሩ ገብቶ የነገራት የለም። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ተነሥታ በረጅም የእንጨት ገበታ ላይ ሊጥ ስታሽ ልጁ በዱቄት ጆንያዎች መካከል ይተኛ ነበር። እናቴ በተቀጠረች ጊዜ ይህ ልጅ አድጎ ጎልማሳ ሆኗል፤ ታሪኩን የሰማችው ከአቡኪዋ ነው።

ጅማ በሰኔ 1933 ዓ.ም. ነፃ ወጣች። ንጉሠ ነገሥቱ በሚያዝያ 27 አዲስ አበባ ሲገቡ ሕዝቡ ክፉን በክፉ እንዳይመልስ አስጠንቅቀው ነበርና፣ በቂም በቀል ይጠፋሉ ተብለው ከተፈሩት ሰላማዊ ኢጣሊያውያን አብዛኛዎቹ ተረፉ። እንግሊዞች ሁሉንም ከአገር ማስወጣት ፈለጉ፤ የኢትዮጵያ መንግሥት ግን መካኒኩን፣ ግንበኛውን፣ አናጢውን ማስቀረት ፈለገ። ሴቶችና ሕፃናት፣ ሽማግሌዎችና በሽተኞች ወደ በርበራ ወደብ እየተጓጓዙ ሳቱርኒያ፣ ቩልካኒያ፣ ጁሊዮ ቼዛሬና ካዮ ዱይሊዮ በተባሉ አራት መርከቦች ተጫኑ። መርከቦቹ ነጭ ቀለም ተቀብተው ቀይ መስቀል ተሥሎባቸው ስለነበር «ነጮቹ መርከቦች» ተብለዋል። በ1934 እና በ1935 ዓ.ም. ሦስት ጊዜ ተመላልሰው፣ በስዊዝ ማለፍ ስላልተቻለ አፍሪካን በደቡብ ጫፍ ዞረው፣ 28,000 ያህል ሰው ከምሥራቅ አፍሪካ ወደ ኢጣሊያ መለሱ።

ሲኞራ አልተሳፈሩም። ባላቸው በመንግሥት ሥራ እንዲቆይ ተፈልጎ ነበር። ቀኑ ሲቃረብ ሁለቱን ልጆች ይዘው ከከተማ ወጥተው ሰነበቱ። የት ነበሩ ብትሉ፣ እናቴ ሁለት ዓይነት መልስ አላት። አንድ ጊዜ «የአቡኪዋ ዘመዶች ቡና መካከል ደብቀዋቸው ነበር» ትላለች፤ ሌላ ጊዜ «ገዳም ገብተው ነበር» ትላለች። እኔ የመጀመሪያውን ማመን እወዳለሁ፤ የተውኔት ጸሐፊ ስለሆንኩ ይሆናል፣ አንባቢ ይጠንቀቅ።

ባልየው ከነፃነት በኋላ ብዙም ሳይቆይ ሞተ። ከዚያ ወዲህ ያለው የሲኞራ ሕይወት የሌሊት ሕይወት ነው። እቶኑን በእንጨት ያነድዳሉ፤ ጡቡ በቂ ሲግል ፍሙን ጠርገው ያወጣሉ፤ ሙቀቱን የሚለኩት እፍኝ ዱቄት ወለሉ ላይ በትነው ነው። ዱቄቱ ወዲያው ከጠቆረ ይጠብቃሉ፤ ቀስ ብሎ ቡና ዓይነት ከሆነ ሊጡን በረጅሙ መቅዘፊያ እንጨት ያስገባሉ። እርሾ ከትናንት ሊጥ ይተርፋል እንጂ አይገዛም። እናቴ እንደምትለው ደግ ሰው ብሎ መጥራት ያስቸግራል፤ የተቃጠለ ዳቦ ከደመወዝ ይቆርጡ ነበር፤ ሲቆጡም በሦስት ቋንቋ ነበር። ነገር ግን ሁለቱን ልጆቻቸውን ያስተማሩት በዚያ እቶን ነው። የአቡኪዋንም ልጅ የትምህርት ቤት ክፍያ ከእነርሱ ጋር እኩል ከፈሉ። ልጁ አባቱ ማን እንደሆነ ሲጠየቅ የሚለው ሲያጣ ሲኞራ የራሳቸውን ባል ስም አስመዘገቡለት። ሕጉ ከኢጣሊያ መንግሥት ጋር ወድቆ ነበርና የሚከለክላቸው አልነበረም፤ የሚያስገድዳቸውም አልነበረም። አቡኪዋ ይህን ስትናገር ሁልጊዜ ታለቅስ እንደነበር እናቴ ነግራኛለች። ያለቀሰችው በደስታ ብቻ ነበር ለማለት አልደፍርም። ልጇ በመጨረሻ ስም ያገኘው ከሌላ ሴት ቤት ነው።

በዚህ ሁሉ አንዲት ሴት ከዳቦ ቤቱ ደጃፍ አልደረሱም፤ እርሳቸውም አያቴ ናቸው። ታላቅ ወንድማቸው ከራስ እምሩ ጦር ጋር ዘምተው ጎጀብ ላይ ቀርተዋል፤ አስከሬናቸውም አልተገኘም። ልጃቸው እዚያ መቀጠሯን የፈቀዱት በችግር ነው። ማታ ማታ የምታመጣውን ዳቦ ለልጆች ያድላሉ እንጂ ራሳቸው አይቀምሱም። ሲኞራ አንድ ቀን በእናቴ እጅ ለፋሲካ የተጋገረ ጣፋጭ ዳቦ ላኩላቸው። አያቴ ተቀብለው «እግዜር ይስጥልኝ በያቸው» አሉ፤ ዳቦውን ግን ሳይቆርሱ ለጎረቤት ሰጡ። በአያቴ አልፈርድም፤ ሲኞራም የወንድማቸውን ደም አላፈሰሱም። ሁለቱ ሴቶች በአንድ ከተማ ሠላሳ ዓመት ያህል ኖረው አንድ ጊዜ እንኳ ፊት ለፊት ሳይነጋገሩ ተለያዩ። ሲኞራ ጅማ ተቀበሩ።

እናቴ መምህር አግብታ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ወደ ሚዛን ተፈሪ መጣች። ከጅማ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ በዝናብ ወራት ያ መንገድ ቀናት ይፈጅ ነበር። አገሩ የእንሰት፣ የጎደሬና የበቆሎ አገር ነው፤ ስንዴ ከሩቅ ይመጣል። በበቃና ቴፒ የቡና እርሻዎች ሲስፋፉ ግን ደመወዝተኛው በዛ፤ ለሥራ ማልዶ የሚወጣ ሰውም በእጁ የሚይዘው ቁርስ ፈለገ። እናቴ አማን ውስጥ ባዶ የነዳጅ በርሜል አጋድማ፣ ዙሪያውን በጭቃ ለስና ምድጃ ሠራች። ሙቀቱን የምትለካው እፍኝ ዱቄት በትና ነበር። ገና ሕፃን ሳለሁ የተማርኩት የመጀመሪያው ሥራ ያ ዱቄት ቡና ሲመስል «ደረሰ» ብሎ መጮህ ነበር።

አያቴ በእርጅናቸው ዘመን ከእኛ ጋር ለመኖር አማን መጡ። በቤታችን ውስጥ «ፉርኖ» የሚለው ቃል በእርሳቸው ፊት አይነሣም ነበር፤ እናቴ አስጠንቅቃን ነበር። አንድ ማለዳ ከበርሜሉ የወጣውን ትኩስ ዳቦ ሽታ ሰምተው ወደ ጓሮ ወጡና ምን እንደሆነ ጠየቁ። እናቴ ጥቂት አሰበችና «የበርሜል ዳቦ ነው፣ እማዬ» አለቻቸው። አያቴ በእጃቸው ያዝ አድርገው ከጥጉ ቆረሱ፤ ከቡናቸው ጋርም በሉት።