የዓመት ለዓመት የትምህርት እድገት ልኬት በደቡብ ጎንደር ደጋ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች

የአንድ ተማሪ የዓመት እድገት ማለት በመስከረም ከሚያውቀው ተነስቶ በሰኔ የደረሰበት ርቀት ነው። ውጤት ግን ሌላ ነገር ነው፤ ልጁ ዛሬ የቆመበትን ቦታ እንጂ የተጓዘውን መንገድ አያሳይም። ከደብረ ታቦር ወደ ነፋስ መውጫ በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው በገሳይና በዙሪያዋ ባሉ የጉና ቀበሌዎች ብዙ ልጆች ፊደል ሳይለዩ 1ኛ ክፍል ይገባሉ። ደብረ ታቦር ከተማ ውስጥ ደግሞ ቅድመ መደበኛ ትምህርት ጨርሶ፣ ቃላት ማንበብ ጀምሮ የሚገባ ልጅ ብርቅ አይደለም። ሁለቱ 4ኛ ክፍል ላይ አንድ ፈተና ቢወስዱና የከተማው ልጅ ቢበልጥ፣ የከተማው ትምህርት ቤት የተሻለ አስተምሯል ማለት አይቻልም። ብዙ ያስተማረው የገጠሩ ሊሆን ይችላል።

የአንድን ልጅ እድገት መከታተል ለአካባቢው አዲስ አይደለም። ደቡብ ጎንደር የቤተ ክርስቲያን የአብነት ትምህርት አገር ነው፤ የድጓ ማስመስከሪያ ቤተልሔምና የዝማሬ መዋሥዕት ማስመስከሪያ ዙር አባ የሚገኙት በዚሁ ምድር ነው። በንባብ ቤት ተማሪው ከፊደል ወደ አቡጊዳ፣ ከዚያም በግዕዝ፣ በውርድ ንባብና በቁም ንባብ አልፎ ወደ ዳዊት የሚሸጋገረው ዓመት ስለሞላ ሳይሆን የያዘውን ስላጠናቀቀ ነው። መምህሩ እያንዳንዱን ልጅ ፊት ለፊት ያስነብባል፤ ተማሪው ትናንት የት ላይ እንደቆመ ያውቃል። የከፍተኛው ደረጃ ምስክርነት የሚሰጠው ደግሞ ተማሪው ከተማረበት ጉባኤ ውጭ ወደ ማስመስከሪያው ሄዶ ሲፈተን ነው። የእያንዳንዱን ልጅ ጉዞ መከታተልና በሌላ መምህር ማስመዘን የዘመናዊው የእድገት ልኬትም መሠረቶች ናቸው። ዘመናዊው ትምህርት ቤት ግን ልጆችን በዕድሜና በክፍል አሰልፎ በአንድነት የሚያሳልፍ በመሆኑ፣ ለአብነቱ መምህር በየዕለቱ ግልጽ የነበረውን ነገር በተለየ ጥረት ካልፈለገው አያገኘውም።

በመንግሥት ትምህርት ቤት የተማሪው ታሪክ የሚቀመጠው በሮስተርና በካርድ ነው። የክፍል ኃላፊው መምህር በየሴሚስተሩ ከየትምህርቱ መምህር ማርክ ሰብስቦ ይደምራል፣ አማካይ ያወጣል፣ ደረጃ ይሰጣል። ካርዱ ለወላጅ ሲደርስ መጀመሪያ የሚታየው ደረጃው ነው። ደረጃ ግን ልጁን ከክፍል ጓደኞቹ ጋር እንጂ ከራሱ የአምና አቅም ጋር አያስተያይም። ክፍሉ ሁሉ ዓመቱን ሙሉ ምንም ባይማር እንኳ አንድ ልጅ 1ኛ መውጣቱ አይቀርም።

ማርኩም ቢሆን ከዓመት ዓመት አይነጻጸርም። አንዲት ልጅ በ4ኛ ክፍል ሒሳብ 62፣ በ5ኛ ክፍል 58 አገኘች እንበል። ወደ ኋላ ሄደች? ከካርዱ ብቻ ይህን ማወቅ አይቻልም። ፈተናዎቹን ያወጡት ሁለት የተለያዩ መምህራን ናቸው፤ ይዘቱም ከብዷል። ተከታታይ ምዘና በ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ከገባ ወዲህ ከመቶው የሚበዛው ክፍል ከቤት ሥራ፣ ከክፍል ሥራ፣ ከቡድን ሥራና ከአጫጭር ፈተና የሚመጣ በመሆኑ፣ የአንዱ መምህር 62 የሌላው 45 ሊሆን ይችላል። ይህ ፖሊሲ በ1ኛ ደረጃ የመጀመሪያ ክፍሎች ልጅ ከክፍል እንዳይወድቅ ያደረገውም በተከታታይ ምዘናና በማካካሻ ትምህርት ይደገፋል በሚል እምነት ነበር። ድጋፉ በሌለበት ማሳለፉ ብቻ ሲቀር፣ ማንበብ የማይችል ልጅ 4ኛ ክፍል ይደርሳል፤ ካርዱ ግን በየዓመቱ «ተዛውሯል» ይላል።

ወረዳዎችና ትምህርት ቤቶች በሪፖርታቸው እድገት ብለው የሚያቀርቡት አብዛኛውን ጊዜ የዘንድሮን የ8ኛ ክፍል የክልል ፈተና ያለፉ ተማሪዎች መጠን ከአምናው ጋር በማስተያየት ነው። ይህ ከሁሉም የበለጠ አሳሳች ንጽጽር ነው፤ የአምናዎቹና የዘንድሮዎቹ የተለያዩ ልጆች ናቸውና። በደጋው ደግሞ ሌላ እንከን ይጨመርበታል። የ60 ተማሪዎች ክፍል አማካይ 50 ነው እንበል። በገብስ አጨዳና ውቂያ ወራት፣ በእረኝነት ወይም በችግር ምክንያት አማካይ ውጤታቸው 30 የሆነ 12 ልጆች ቢያቋርጡ፣ የቀሩት 48 ልጆች አማካይ 55 ይሆናል። አንድም ልጅ አንድም ነገር ሳይማር የክፍሉ ውጤት በ5 ነጥብ «አደገ»። ትምህርት ቤቱ የሚመሰገነው ደካሞቹን በማጣቱ ይሆናል ማለት ነው። እንዲህ ያለ ስሌት በሪፖርት ውስጥ ዝም ተብሎ ማለፍ የለበትም፤ የጠፉት ልጆች ስም ከሮስተሩ ጋር አብሮ መቅረብ አለበት።

የ12ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተናም ተመሳሳይ ጥንቃቄ ይጠይቃል። የ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ በዩኒቨርሲቲዎች ተሰባስበው ሲፈተኑ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያገኙት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. 8.4 በመቶ ሆኑ። የመጀመሪያው ቁጥር አገር አስደንግጧል። ሆኖም ከዚያ በፊት ከነበሩት ዓመታት ጋር ሲነጻጸር የታየው ማሽቆልቆል የመማር ማሽቆልቆል ብቻ አይደለም፤ ኩረጃን ለመከላከል የፈተናው አሰጣጥ ተለውጧል፣ የማለፊያው መስፈርትም እንዲሁ። መለኪያው ሲቀየር ንጽጽሩ ይቋረጣል። ከዚያ ወዲህ የታየውም ጭማሪ በየዓመቱ የተለያዩ ተፈታኞች ውጤት ነው።

በአገር አቀፍ ደረጃ ለንጽጽር ተብሎ የተጀመረው ሥራ የ4ኛና የ8ኛ ክፍል የትምህርት ቅበላ ጥናት ነው፤ የመጀመሪያው በ1992 ዓ.ም. ተካሂዶ በየጥቂት ዓመታት ተደግሟል። በመጀመሪያዎቹ ዙሮች የ4ኛ ክፍል አማካይ ውጤት ከ50 በመቶ በታች ነበር። በ2002 ዓ.ም. የተደረገው የታችኛ ክፍሎች የንባብ ምዘና ደግሞ ልጆቹን አንድ በአንድ አስቀምጦ በደቂቃ ስንት ቃል በትክክል እንደሚያነቡ ቆጠረ፤ ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች ሲሶ ያህሉ አንድም ቃል ማንበብ አልቻሉም። እነዚህ ጥናቶች የትውልድን ሁኔታ ይነግራሉ እንጂ የአንድን ልጅ ጉዞ አይከተሉም። ያን ያደረጉት አማራ ክልልን ጨምሮ በተለያዩ ክልሎች የተካሄዱት የያንግ ላይቭስና የራይዝ ኢትዮጵያ ጥናቶች ናቸው። የመጀመሪያው በ2005 ዓ.ም. የ4ኛና የ5ኛ ክፍል ተማሪዎችን፣ ሁለተኛው በ2011 ዓ.ም. የ1ኛና የ4ኛ ክፍል ተማሪዎችን በትምህርት ዘመኑ መጀመሪያና መጨረሻ መዝነዋል።

የእነዚህ ጥናቶች ስልት በመሠረቱ ቀላል ነው። በመስከረምና በሰኔ ለሚሰጡት ፈተናዎች የተወሰኑ የጋራ ጥያቄዎች ይቀመጣሉ፤ የሁለቱ ፈተናዎች ክብደት የሚስተካከለው በእነሱ ነው። በቀጣዩ ክፍል ፈተናም ከታችኛው ክፍል ጥቂት ጥያቄዎች ይደገማሉ። ጥያቄዎቹ በሚስጥር ካልተያዙ ግን ልጆች ስለሚያጠኗቸው ልኬቱ ይበላሻል።

የልኬቱን ውጤት መምህርን ለመቅጣት ወይም ለመሸለም ማዋል ሌላ ጉዳይ ነው። በአሜሪካ የቴነሲ ግዛት ከ1990ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) አንስቶ የተማሪዎችን ዓመታዊ ጭማሪ ለመምህራንና ለትምህርት ቤቶች ምዘና ተጠቅማለች። የአሜሪካ የስታቲስቲክስ ማኅበር ግን በ2014 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው መግለጫ፣ አብዛኞቹ ጥናቶች በፈተና ውጤት ልዩነት ውስጥ የመምህራንን ድርሻ ከ1 እስከ 14 በመቶ እንደሚያደርሱት ገልጾ አስጠንቅቋል። በአንድ ክፍል ጥቂት ልጆች ብቻ በሚፈተኑበት የገጠር ትምህርት ቤት የአጋጣሚ ተጽዕኖ ይበልጥ ይጎላል፤ ሁለት ሦስት ልጆች በፈተናው ቀን መታመማቸው አማካዩን ይለውጠዋል።

የተቋረጡ ዓመታትም የራሳቸው ችግር አላቸው። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ትምህርት ቤቶች በኮቪድ ሲዘጉ አብዛኞቹ ተማሪዎች ሳይፈተኑ ወደ ቀጣዩ ክፍል ተዛውረዋል። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ የሰሜን ኢትዮጵያው ጦርነት እስከ ጋይንትና ደብረ ታቦር ዙሪያ ደርሷል፤ ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ በአማራ ክልል በተነሳው ግጭት ምክንያት በርካታ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል። ከእነዚህ ዓመታት በኋላ የሚመለስን ልጅ በክፍሉ ስም ብቻ መዝኖ «ደካማ» ማለት ግፍ ነው። በመጀመሪያ መለካት ያለበት ከየት እንደሚነሳ ነው።

ለዚህ የሚያስፈልገው ወጪ ከባድ አይደለም። በአቅራቢያ ያሉ ትምህርት ቤቶችን የሚያስተሳስረው የጉድኝት ማዕከል ሱፐርቫይዘር አንድ ገጽ ምንባብና ሃያ ያህል የሒሳብ ጥያቄዎች ይዞ፣ የአንዱን ትምህርት ቤት ልጆች የሌላው መምህራን እንዲያስነብቡ ማድረግ ይችላል። በመስከረም በደቂቃ 12 ቃል ያነበበች ልጅ በሰኔ ደግሞ 31 ቃል ብታነብ፣ በሮስተሩ ላይ ከደረጃዋ አጠገብ ሁለቱ ቁጥሮች ይጻፋሉ፤ ትምህርት ቤት ብትቀይርም አብረዋት ይሄዳሉ። የገሳይ መምህር ሥራ በትክክል የሚታየው በ19ኙ ቃላት ጭማሪ ነው፤ ዛሬ በሚዘጋጀው ካርድ ላይ ግን ለዚህ ቁጥር የተተወ ቦታ የለም።