ሠላሳ ከመቶ፦ የአንድ ኬላ ታሪክ

ኬላ አቁሞ ቀረጥ የሚሰበስበው መንግሥት ብቻ ነው ብላችሁ የምታምኑ ከሆነ ይህችን አጭር ታሪክ ታገሡኝ። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አፕል የአፕሊኬሽን መደብሩን በጁላይ 2008 ሲከፍት በውስጡ የነበሩት 500 ያህል ፕሮግራሞች ነበሩ። ደንቡ ቀላል ነበር፤ ከሽያጩ 70 በመቶው ለሠሪው፣ 30 በመቶው ለመደብሩ። እውነቱን ለመናገር የዚያን ጊዜ ፕሮግራመሮች ቅር አልተሰኙም። ከዚያ በፊት ለስልክ የሚሆን ፕሮግራም የሠራ ሰው በየቴሌኮም ኩባንያው ደጅ ይጠና ነበርና። እኔም ለብዙ ዓመታት «ወደው የገቡበት ውል ነው፤ ምን ያስከፋል?» ከሚሉት ወገን ነበርሁ።

ሐሳቤን ያስለወጠኝ አንድ ኢሜይል ነው። ፊል ሺለር የተባሉት የአፕል ከፍተኛ ኃላፊ በ2011 ለባልደረቦቻቸው ሲጽፉ፣ ይህ ክፍፍል ለዘለዓለም ይዘልቃል ወይ ብለው ጠይቀው ነበር። የመደብሩ ትርፍ በዓመት ከአንድ ቢሊዮን ዶላር ሲያልፍ የኩባንያውን ድርሻ ወደ 25፣ ብሎም ወደ 20 በመቶ ዝቅ ስለ ማድረግ ሐሳብ አቅርበዋል። መልእክቱ አደባባይ የወጣው ከ10 ዓመት በኋላ በፍርድ ቤት ነው። ልብ በሉ፣ ጥያቄውን ያነሣው የቤቱ ሰው ነው! ለትንንሽ ሠሪዎች ቅናሽ የመጣው ግን በጃንዋሪ 2021 ነበር፤ በዓመት እስከ 1 ሚሊዮን ዶላር ለሚያገኙ 15 በመቶ ሆነላቸው። ከጥቂት ወራት በፊት ክስ ተመሥርቶ ነበር፤ አጋጣሚ ነው የሚል ይበል።

ከሳሹ ኤፒክ ጌምስ ነው። ኦገስት 13 ቀን 2020 በፎርትናይት ጨዋታው ውስጥ የራሱን የክፍያ በር ከፍቶ፣ በመደብሩ 9.99 ዶላር የሚያወጣውን በ7.99 ሸጠ። አፕል በዚያው ዕለት ጨዋታውን አስወገደ፤ ኤፒክም በዚያው ዕለት ከሰሰ። በሴፕቴምበር 2021 ዳኛ ኢቮን ጎንዛሌዝ ሮጀርስ በሰጡት ፍርድ በአብዛኛው ነጥብ አፕል ረታ። ሠሪዎች ደንበኞቻቸውን ወደ ሌላ የክፍያ መንገድ እንዳይመሩ የሚያግደው ደንብ ግን ተሻረ። አፕል ምን አደረገ? በጃንዋሪ 2024 በሩን ከፈተና በዚያ በር በሚያልፈው ሽያጭ ላይ 27 በመቶ ጣለ! የካርድ ክፍያ ወጪ ሲታከልበት ለሠሪው ምን ይተርፈዋል? በኤፕሪል 2025 ዳኛዋ አፕል ትእዛዛቸውን ሆን ብሎ እንደ ጣሰ ወሰኑ። ሺለር ትእዛዙ እንዲከበር መክረው እንደ ነበር፣ ዋና ሥራ አስፈጻሚው ቲም ኩክ ግን እንዳልሰሟቸው በውሳኔው ላይ ሰፍሯል።

አውሮፓ በሕግ መጣች። የዲጂታል ገበያዎች ሕግ ከማርች 2024 ጀምሮ በአፕል ላይ ሲጸና ሌሎች መደብሮች ተፈቀዱ። አፕል ግን አዲሱን ውል ከመረጡት ሠሪዎች፣ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ለሆነ እያንዳንዱ ዓመታዊ ጭነት ግማሽ ዩሮ ጠየቀ። በነጻ የሚያድለው ፕሮግራም ድንገት የተወደደለት ተማሪ ባለዕዳ ሊሆን ነበር። ጩኸቱ ሲበዛ በሜይ ወር ለእንዲህ ዓይነቶቹ ቀረ። በኤፕሪል 2025 የአውሮፓ ኮሚሽን አፕልን 500 ሚሊዮን ዩሮ ቀጣ፤ ኩባንያውም ይግባኝ አለ።

ፎርትናይት በሜይ 2025 ወደ አሜሪካው የአይፎን መደብር ተመለሰ። ኤፒክ አምስት ዓመት ያህል የሚሟገትበት ገንዘብ ነበረው፤ ብቻውን በክፍሉ ተቀምጦ ፕሮግራም የሚጽፈው ሰው የለውም።