አስቀድሞ መቍጠር

ድግስ የሚደግስ ሰው አስቀድሞ የእንግዶቹን ብዛት ያስባል፤ እንጀራውንም ጠላውንም በዚያው ልክ ያሰናዳል። ሳያስብ የደገሰ ግን እንግዳው ደጃፍ ሲደርስ ያፍራል። የትምህርት ቤትም ነገር እንዲሁ ነው።

በግንቦት ወር 1953 ዓ.ም. የአፍሪካ መንግሥታት መልእክተኞች በአዲስ አበባ ተሰብስበው፥ እስከ 1972 ዓ.ም. ድረስ የአፍሪካ ሕፃን ሁሉ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት እንዲያገኝ ወጠኑ። አሳቡ መልካም ነበር። ነገር ግን በዚያን ጊዜ አገራችን ሕዝቧን ከዳር እስከ ዳር ቈጥራ አታውቅም ነበር። የመጀመሪያው አገር አቀፍ ቈጠራ የተደረገው በግንቦት 1976 ዓ.ም. ነው፤ ይኸውም ቀጠሮው ካለፈ ከአራት ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። የሕዝቡም ብዛት 42 ሚሊዮን ያህል ሆኖ ተገኘ። ድህነቱና ጦርነቱም ተጨምረውበት፥ በ1986 ዓ.ም. እንኳ ለትምህርት ከደረሱት ሕፃናት የሚበዙት ከትምህርት ቤት ውጭ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ትምህርት ቤት ተሠራ፤ ሆኖም ክፍሉ ለልጆቹ ስላልበቃ፥ በየስፍራው እኩሌቶቹ ጧት፥ እኩሌቶቹ ከሰዓት በኋላ በፈረቃ ተማሩ።

ወጣቶች ሆይ፤ ዛሬ የተወለደ ሕፃን በ7 ዓመቱ የትምህርት ቤትን ደጅ ያንኳኳል። እንግዲህ የእርሱ መምጣት ድንገተኛ አይደለም፤ ሰባት ዓመት ሙሉ ለመሰናዳት ተሰጥቶናል። ነገ በየአካባቢያችሁ ኃላፊነት ሲሰጣችሁ፥ አስቀድማችሁ የተወለዱትን ቍጠሩ፤ ቀጥላችሁም የመሠረቱን ድንጋይ አስጠርቡ። ቦታ የለም ተብሎ ለተመለሰ ሕፃን፥ ያለፈበትን ዓመት ማንም አይመልስለትምና።