አንኮበር በሥዕል፦ የርቀት ልክና የክብር ልክ

እ.ኤ.አ. በ1841 በሻምበል ሐሪስ መሪነት ወደ ሸዋው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘንድ አንኮበር የመጣው የእንግሊዝ መልእክተኛ ቡድን ጀርመናዊውን ሠዓሊ ዮሐን በርናትዝን አስከትሎ ነበር። የሠዓሊው ሥራዎች በ1852 ታትመዋል። እነዚህን ሥዕሎች ለታሪክ ማስረጃነት ከመጥቀሳችን በፊት አሳሳላቸውን ልንረዳ ይገባል ባይ ነኝ።

በርናትዝ የተከተለው ፐርስፔክቲቭ የሚባለውን ስልት ነው። በዚህ ስልት ሠዓሊው በአንድ ቦታ ቆሞ በአንድ ዓይኑ እንደሚያይ ይቆጠራል፤ ወረቀቱም እንደ መስኮት መስተዋት ነው። ከየነገሩ ወደ ዓይን የሚመጣው ቀጥተኛ መስመር መስተዋቱን የሚያቋርጥበት ነጥብ በሥዕሉ ላይ የነገሩ ቦታ ይሆናል። በመሆኑም ርቀቱ እጥፍ ሲሆን መጠኑ በግማሽ ያንሳል፤ በቅርብ ያለች ጎጆም በተራራ አናት ካለ ቤተ መንግሥት ልትገዝፍ ትችላለች።

በአገራችን የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ግን መጠንን የሚወስነው በአብዛኛው ክብር እንጂ ርቀት አይደለም። ቅዱሱ ገዝፎ በሁለት ዓይኑ ፊት ለፊት ያያል፤ ክፉው በአንድ ዓይን ወደ ጎን ይሣላል። ይህን የችሎታ ማነስ አድርጎ መቁጠር አግባብ አይመስለኝም። አንዱ አሳሳል «ከዚህ ምን ይታያል?» ሲል ሌላው «ማን ይበልጣል?» ይላል።

ስለዚህ በበርናትዝ ሥዕል መጠንን ከመገመታችን በፊት ሠዓሊው የቆመበትን ቦታ እንፈልግ። የክብ ጎጆ የጣሪያ ጠርዝ ቀጥ ያለ መስመር ሆኖ ከታየ የሠዓሊው ዓይን በጠርዙ ከፍታ ላይ ነበር፤ የፊተኛው ጠርዝ ወደ ታች ከጎበጠ ደግሞ ከበላይ ሆኖ ይመለከት ነበር። ሥዕሉ ምስክርነቱን የሚሰጠው ይህን አስቀድሞ ለጠየቀው ነው።