ባድመ፦ የድንበር ጦርነት የሚያልቀው መቼ ነው?

በአማርኛችን ባድማ ማለት ባለቤቱ የለቀቀው፣ ጠፍ ሆኖ የቀረ ቀዬ ነው። የባድመ ስም በተነሣ ቁጥር ይህ ቃል ይመጣብኛል። ሚያዝያ 28 ቀን 1990 ዓ.ም. በዚያች ትንሽ ከተማ አካባቢ የተለኮሰው እሳት በሁለት ዓመት ውስጥ ከ70 ሺህ እስከ 100 ሺህ የሚገመት ሕይወት በላ።

በዚያ ዘመን የአስመራ ተወላጅ የሆኑ ጎረቤታችን ከአገር ሲባረሩ ጀበናቸውን ለእናቴ አደራ ሰጡ። «ሲያልቅ መጥቼ እወስዳታለሁ» አሉ። እኔም ከዚያ ወዲህ የጦርነት ማለቂያው የቱ ጋ እንደሆነ ስጠይቅ ኖሬአለሁ።

የመጀመሪያው መልስ ክንድ ነበር። ኢትዮጵያ በየካቲት 1991 ባድመን አስለቀቀች፤ በግንቦት 1992 ጦሯ ባሬንቱ ድረስ ዘለቀ። ሰኔ 11 ቀን ተኩስ ቆመ፤ ታኅሣሥ 3 ቀን 1993 ዓ.ም. አልጀርስ ላይ ውል ተፈረመ። ክንድ ጦርነቱን ገታ እንጂ ጠቡን አልፈታም።

ሁለተኛው ወረቀት ነበር። የድንበር ኮሚሽኑ ምኒልክ ከጣሊያን ጋር በ1900፣ በ1902 እና በ1908 እ.ኤ.አ. የተዋዋሏቸውን ውሎች መርምሮ ሚያዝያ 5 ቀን 1994 ዓ.ም. ፈረደ። ባድመ ለኤርትራ ተወሰነች። ፍርዱ የመጨረሻና አስገዳጅ ነው ተብሎ አስቀድሞ ስምምነት ነበር፤ ሆኖም አዲስ አበባ «መጀመሪያ እንነጋገር»፣ አስመራ «መጀመሪያ ይፈጸም» እንዳሉ መስመሩ ካርታ ላይ ቀረ። በመካከል የቆመው የተባበሩት መንግሥታት ሰላም አስከባሪ ኃይልም በሐምሌ 2000 ተልእኮው አበቃ።

ያ ጊዜ «ጦርነትም ሰላምም የሌለበት» ይባል ነበር። ለአካባቢው ግን ጦርነት ነበር። አንዱ የሌላውን ተቃዋሚ አስጠግቶ ያስታጥቃል፤ የሁለቱ ፉክክር ሶማሊያ ድረስ ይዘልቃል። በታኅሣሥ 2002 የጸጥታው ምክር ቤት በኤርትራ ላይ ማዕቀብ ጣለ። የአሰብ ወደብ ጭር አለ፤ የኢትዮጵያ ንግድ በጅቡቲ ላይ ተንጠለጠለ፤ የኤርትራ ወጣት ማብቂያ ከሌለው ብሔራዊ አገልግሎት ሸሽቶ ተሰደደ።

ሦስተኛው መልስ እቅፍ ነበር። ሐምሌ 2 ቀን 2010 ዓ.ም. መሪዎቹ አስመራ ላይ ሰላም አወጁ፤ በ2011 አዲስ ዓመት ዕለት ዛላምበሳ ተከፈተች፤ የተለያየ ቤተ ዘመድ መንገድ ላይ ተላቀሰ። ነገር ግን ጉምሩኩ፣ የገንዘብ ምንዛሪው፣ የወደብ ኪራዩ፣ የድንበር ምልክቱ ሳይደነገግ ጥቂት ወራት አለፉና በሩ ተመልሶ ተዘጋ። በጥቅምት 2013 ትግራይ ውስጥ ጦርነት ሲነሣ የኤርትራ ሠራዊት ድንበሩን ተሻገረ። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ፕሪቶሪያ ላይ ስምምነት ሲፈረም ግን ኤርትራ በገበታው አልነበረችም። ከ2016 መባቻ ወዲህ የባሕር በር ጥያቄ ሲጎላ፣ ያ በአመድ የተዳፈነ ፍም አሁንም እንደሚግል አየን።

እንግዲህ የእኔ ድምዳሜ ይህ ነው፦ ክንድ ያለ ፍርድ፣ ፍርድ ያለ ንግግር፣ እቅፍም ያለ ደንብ ጦርነትን አይጨርሱም። ከሁሉ በላይ በመስመሩ ላይ የሚኖረው የኢሮብ፣ የኩናማና የአፋር ገበሬና አርብቶ አደር ሳይጠየቅ የሚሠመር ድንበር፣ ሁልጊዜ ወታደር ያስፈልገዋል።

በ2010 የስልክ መስመሩ ሲከፈት ጎረቤታችን ደወሉ። «ጀበናዬ አለች?» አሉ። እናቴ «አለች፣ ይምጡና ይውሰዷት» አለቻቸው። ጉዞውን ሲያሰናዱ በሩ ተዘጋ። ጀበናዋ ዛሬም ከእኛ ዘንድ ናት።