ጥምቀትና ውርጭ

በሩቅ ምሥራቅ፣ በቻይናዋ ሐርቢን ከተማ በየዓመቱ የሚከበረውን የበረዶ በዓል በቴሌቪዥን ያየ የአዲስ አበባ ሰው ብዙውን ጊዜ «የአሥራ ሦስት ወር ፀሐይ አገር እንዲህ ያለ በዓል ከየት ያመጣል?» ይላል። እኔ ግን ከተራን ደብረ ታቦር ካደርኩ ወዲህ ይህን አባባል ለመቀበል ይቸግረኛል። የብርድ በዓል አለን፤ በብርዱ አልሰየምነውም እንጂ።

አንዱ የሚያሳስተን ቃሉ ነው። «ክረምት» ስንል ዝናቡንና ጭቃውን ማለታችን ነው። የደጋን ሰው ጥርስ የሚያንገጫግጨው ግን የበጋው ሌሊት ነው። ከኅዳር እስከ ጥር ሰማዩ ጥርት ሲል፣ ምድር ቀን የሰበሰበችውን ሙቀት የሚያቆይላት የደመና ጋቢ አታገኝም። ደብረ ታቦር ከባሕር ጠለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ በስተደቡብ ምሥራቋ ያለው የጉና ተራራ ደግሞ ከ4,100 ሜትር ያልፋል። በጉና ሥር ገብስና ድንች የሚያበቅለው ገበሬ ውርጭን እንደ ጠላት የሚያየው በዚሁ ወቅት ነው። ጥምቀትም የሚውለው በዚሁ ወቅት ነው።

ጥር 10 ቀን ታቦታቱ ወደ ባሕረ ጥምቀት ወርደው በድንኳን ያድራሉ። ካህናቱ በማኅሌትና በቅዳሴ ያነጋሉ። እኔ ባደርኩበት ሌሊት አረጋውያኑ ጋቢያቸውን እስከ ዓይናቸው ተከናንበው፣ እሳት ከበው ተቀምጠው ነበር። ከከተማ እንደመጣሁ ከአለባበሴ አውቀው ኖሮ ምንም ሳይጠይቁ ጠጋ ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁልኝ። ንጋት ላይ የተባረከው ውኃ ፊቴን ሲነካኝ ትንፋሼ ቀጥ አለ።

ነገሩ የቆየ ነው። ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ፣ በ1513 ዓ.ም. በአፄ ልብነ ድንግል ሰፈር የተከበረውን ጥምቀት አይቶ ጽፏል። ጥምቀቱ ለዚሁ በተዘጋጀ ኩሬ ይፈጸም ነበር። የንጉሡ መምህር የነበሩ አንድ ሽማግሌ ካህን ራቁታቸውን፣ እስከ ትከሻቸው ውኃ ውስጥ ቆመው ሕዝቡን ያጠምቁ ነበር። ውርጩ እጅግ የበረታ ስለነበር ሽማግሌው በብርድ ሊሞቱ ደርሰው እንደነበር አልቫሬዝ ይነግረናል። ከአምስት መቶ ዓመት በፊት የተጻፈ የውርጭ በዓል ምስክር ይህ ነው።

አሁን ወደ ሐርቢን እንመለስ። የሩሲያ ኦርቶዶክሳውያን በዩልዮስ አቆጣጠር ስለሚመሩ ጥምቀታቸው ብዙውን ጊዜ ከእኛው ጥር 11 ጋር በአንድ ቀን ይውላል። እነርሱም የበረደውን ወንዝ በመስቀል ቅርጽ ፈልፍለው ውኃውን ይባርካሉ፤ ደፋሩ ዘልሎ ይገባበታል። ሐርቢን ደግሞ በ1890 ዓ.ም. ሩሲያውያን የባቡር ሐዲድ ሲዘረጉ የቆረቆሯት ከተማ ናት። ከአብዮቱ ሸሽተው እዚያ የከተሙት ሩሲያውያን እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ከበረዶ የተጠረበ ትልቅ መስቀል በወንዙ ላይ አቁመው ጥምቀትን ያከብሩ ነበር። ዛሬ ዓለም የሚያውቀው የበረዶ በዓል በየዓመቱ መከበር የጀመረው ግን እ.ኤ.አ. በ1985 ነው። እንግዲህ ያ የሩቅ አገር ወንዝ ከቱሪስቱ በፊት ጥምቀትን አይቷል ማለት ነው።

ደብረ ታቦር ብዙ ክብር አይታለች። የራስ ጉግሳና የራስ ዐሊ መቀመጫ፣ ኋላም የአፄ ቴዎድሮስ ከተማ ነበረች። በአቅራቢያዋ ጋፋት መድፍ ተሠርቶባታል። ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ ሲጓዙ ከተማዋን አቃጠሏት። የነገሥታቱ ድንኳን ተነቅሏል፤ በየዓመቱ ጥር 10 የሚተከለው ድንኳን ግን አለ።

የኢትዮጵያ ጥምቀት በ2012 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ባህላዊ ቅርሶች መዝገብ ሰፍሯል፤ ደስ ይላል። ሆኖም እኔ እንዳየሁት እንግዳው የሚመጣው ፀሐይ ሞቅ ካለች በኋላ፣ ለጭፈራውና ለፎቶግራፉ ነው። ሌሊቱን ያየው ጥቂት ነው። ሐርቢን ብርዷን ለዓለም ስታሳይ፣ እኛ የበዓላችንን ግማሽ እየተኛን እናሳልፈዋለን። ያ ሌሊት እሳት ዳር በተቀመጡት አረጋውያን ብቻ እየተጠበቀ ከቀጠለ፣ ከእነርሱ በኋላ የሚቀረን መዝገብና ፎቶግራፍ ይሆናል። ስለዚህ ለከተራ ወደ ደጋ የምትወጡ ሁሉ፣ ወፍራም ጋቢ ያዙና እደሩ።